«ለሁሉም» የተላከ ደብዳቤ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው የስልክ መስመር ዝግጅታችን ርዕሱ «የሰፈር ሥራና የዓለም ሰላም ምን ያገናኛቸዋል?» የሚል ነበር። መስመሩ ተጨናንቆ ዋለ። አየር ላይ የመለስኩትን ትንሽ አስተካክዬ፣ ሰዓት አልቆብኝ የዘለልኩትንም ጨምሬ እነሆ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ቁጣቸውን ግን አልነካሁም። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። በየሁለት ሳምንቱ እንሰበሰባለን። ጦርነት ይቁም የሚል መግለጫ ሦስት ጊዜ አውጥተናል። ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ጊዜያችንን እያባከንን ይሆን?»

መግለጫውን ለማን ነው የላካችሁት? ይህን ስጠይቃት ደዋይዋ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። «ለሁሉም» አለች።

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ለሁሉም የተላከ ደብዳቤ ማንንም አያስጨንቅም፤ መልስ ባልሰጥ እወቀሳለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው የለበትማ። ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ «እናወግዛለን» ይሻላል ወይስ «አጥብቀን እናወግዛለን» በሚል ሦስት ሰዓት ሙሉ ከተጨቃጨቁት አንዱ ነኝ። «አጥብቀን» በድምፅ ብልጫ አለፈ። አራት ገጽ ወጣው። ማን እንደሚቀበለው ግን አንዳችንም አላሰብንበትም ነበር፤ ወረቀቱ ከወራት በኋላ ከአንድ ጓደኛችን መሳቢያ ውስጥ ተገኘ።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን ላውራ። 1984፣ ደብሊን፣ ደንስ ስቶርስ የሚባል ሱፐርማርኬት። ሜሪ ማኒንግ የምትባል የ21 ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ፊት አንድ ደንበኛ ሁለት ግሬፕፍሩት አስቀመጠ። ፍሬዎቹ የመጡት ከደቡብ አፍሪካ ነው። የሠራተኛ ማኅበሯ ደግሞ አባላቱ የአፓርታይድን አገር ምርት እንዳይነኩ ወስኗል። ሜሪ ሒሳቡን አልመታም አለች። ከሥራ ታገደች። አሥር ያህል ባልደረቦቿም ተከትለዋት ወጡ።

የሚገርመው፣ ብዙዎቹ ያኔ ስለ አፓርታይድ ያን ያህል የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የወጡት የማኅበራቸውን ውሳኔ አክብረው ነው። ኋላ ኒምሮድ ሴጃኬ የሚባል ስደተኛ ደቡብ አፍሪካዊ እየመጣ አብሯቸው በር ላይ መቆም ጀመረ። አገሩ ውስጥ ምን እንደሚደረግ በቁሙ ያስረዳቸዋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የደንብ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። በ1985 ሄደን በዓይናችን እንይ ብለው ተነሱ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ መለሷቸው። አድማው ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1987፣ የአየርላንድ መንግሥት የደቡብ አፍሪካ አትክልትና ፍራፍሬ ወደ አገሩ እንዳይገባ ከለከለ።

ቁጥራቸው ከናንተ ይበልጣል? አይበልጥም። እነሱ ግን እጃቸው የሚደርስበትን ቦታ አግኝተዋል፤ የሒሳብ ማሽኑን። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ መግለጫውን ተዉትና ባዶ ወረቀት አውጡ። ማን የት ይሠራል? የማን የጡረታ ገንዘብ የት ተቀምጧል፣ ፈንዱስ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አክሲዮን ይዞ ይሆን? ማዘጋጃ ቤታችሁ ጨረታ ሲያወጣ የሚያሸንፈው ማነው? የመረጣችሁት የምክር ቤት አባል የመሣሪያ ሽያጭ ሲነሳ እጁን ለየትኛው ወገን አወጣ? ከነዚህ አንዱን ምረጡ። አንዱን ብቻ። ያኔ ደብዳቤያችሁ ስም፣ ቢሮና የመልስ ቀን ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ «'የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች' ይባል የለ? የሰፈራችን የፍሳሽ ቦይ ተደፍኖ መንገድ ላይ እየፈሰሰ፣ እናንተ ስለ ዓለም ሰላም ታወራላችሁ።»

ልክ ነህ፣ ቦዩ ይቅደም። ተረቱን እኔም እወደዋለሁ። ግን የሁለቱም ድስት እሳት አንድ ከሆነስ?

ዋንጋሪ ማታይ በ1977 ኬንያ ውስጥ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር ስለ ዓለም ሰላም አላወራችም። የገጠር ሴቶች ማገዶ ራቀብን፣ ምንጩ ደረቀብን አሏት። እንትከል አለች። ለጸደቀው ችግኝ ለሴቶቹ ትንሽ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር፤ ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው፣ ይቺን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ጥያቄው በራሱ ጊዜ አደገ። ዛፉን የጨረሰው ማነው? የሕዝቡን መሬት ለባለሥልጣን ወዳጅ የሚሰጠው ማነው? በ1989 መንግሥት ናይሮቢ መሃል፣ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊገትር ሲነሳ፣ ከፊቱ የቆመችው ይቺው የችግኟ ሴትዮ ናት። ደብዳቤ ጻፈች፤ ለ«ሁሉም» ሳይሆን ስምና ቢሮ ላላቸው ሰዎች። ፓርላማ ውስጥ ተሳለቁባት። ውጭ ያሉት ገንዘብ ሰጪዎች ግን ሸሹ፣ ሕንፃውም ቀረ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣት «ዛፍና ሰላም ምን አገናኛቸው?» ያለ ሰው ብዙ ነበር። ማገዶ ፍለጋ የምትሄድ ሴት ብትጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር።

እና ቦዩን አስጠግኑ። ስታስጠግኑ ግን በጀቱ የት እንደገባ ጠይቁ። የማዘጋጃ ቤት በጀት ማንበብ የለመደ ሰው የመከላከያ በጀት አያስፈራውም፤ ዜሮው ነው የሚበዛው።

ጥያቄ፦ «ከሕዝቡ 3.5 በመቶ አደባባይ ከወጣ ትግሉ አይሸነፍም ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፋን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከ1900 እስከ 2006 የተደረጉ 323 ትላልቅ ትግሎችን አጠኑ። መንግሥት ለመጣል፣ ወራሪ ለማስወጣት፣ ለመገንጠል የተደረጉ ናቸው። ያለ መሣሪያ ከተደረጉት 53 በመቶው ግቡን መታ፣ በመሣሪያ ከተደረጉት 26 በመቶው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። 3.5 በመቶ የምትለዋ ደግሞ ቼኖዌት ከዚያው መረጃ ያየችው አዝማሚያ ናት። እሷ ራሷ እንደማይሻር ሕግ አትያዙት ብላለች። ባህሬን ውስጥ በ2011 ከዚያ በላይ ሰው ወጥቶም አልሆነም።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ቀን ነው። የካቲት 15 ቀን 2003። በመቶዎች በሚቆጠሩ ከተሞች ሚሊዮኖች የኢራቅን ጦርነት ተቃውመው ወጡ። አምስት ሳምንት ሳይሞላ ቦምቡ መዝነብ ጀመረ። ሕዝቡ አልበዛም ማለት አይቻልም። ግን ሰኞ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ከሰልፉ በኋላ ሰኞ ጠዋት ማን ምን እንደሚያደርግ ካልታወቀ፣ ሰልፉ ያምራል፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ «ኢንተርኔት ላይ መፈረም ለውጥ ያመጣል?»

ብቻውን? ብዙም። የኢዮቤልዩ 2000 ዘመቻ የድሃ አገሮች ዕዳ ይሰረዝ ብሎ 24 ሚሊዮን ፊርማ ሰበሰበ። ግን ፊርማው የወሬ መጀመሪያ ነበር። ፈራሚው «የማን ዕዳ? ማን ተበደረው?» ብሎ ይጠይቃል፣ አስፈራሚው ያስረዳል፣ እዚያው ሌላ አስፈራሚ ይወለዳል። በ1998 ሰባቱ ሀብታም አገሮችና ሩሲያ በርሚንግሃም ሲሰበሰቡ 70 ሺህ ያህል ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ከተማዋን የከበበው በዚህ መንገድ የመጣ ነው። በዓመቱ ኮሎኝ ላይ የዕዳ ቅነሳው ቃል ተገባ። ፈርመሽ ስልኩን ከማስቀመጥሽ በፊት ሊንኩን ለምታውቂው ሰው ላኪና ደውዪለት። መደወሉ ነው ዋናው።

ጥያቄ፦ «'ሰላም፣ ሰላም' የሚሉን ሰዎች የሚፈልጉት በደላችንን እንድንረሳ ነው። ፍትሕ በሌለበት ሰላም ምን ያደርግልኛል?»

ይህ ደዋይ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አየር ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሸኘሁት፤ አላማረኝም። ትንሽ ላስፋው።

ላይቤሪያ፣ 2003፣ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ናት። ሕፃናት መሣሪያ ይዘዋል፣ ሴቶች ይደፈራሉ። ሌይማ ቦዊና ጓደኞቿ ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶችን አሰባስበው፣ ነጭ ቲሸርት አስለብሰው፣ ሞንሮቪያ ውስጥ የዓሣ ገበያው አጠገብ ባለ ሜዳ አስቀመጧቸው። ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። ፕሬዚዳንቱ ቻርልስ ቴይለር በመኪና የሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። በፀሐይ፣ በዝናብ ተቀመጡ። ድርድሩ ጋና ሲጀመር ወደ አክራ ሄዱ። ተደራዳሪዎቹ በጥሩ ሆቴል እየኖሩ ሳምንታት ሲያስቆጥሩ፣ ሴቶቹ የስብሰባው አዳራሽ በር ላይ እጅ ለእጅ ተቆላልፈው ተቀመጡ፤ ስምምነት ሳይኖር ማንም አይወጣም አሉ። ጠባቂዎች ሊያነሷቸው ሲመጡ ቦዊ ልብሷን አወልቃለሁ ብላ ተነሳች። በዚያ አካባቢ እናት እንዲህ ካደረገች ለተመልካቹ እርግማን ነው። ጠባቂዎቹ አፈገፈጉ። ስምምነቱ ነሐሴ 18 ቀን ተፈረመ።

ፍትሑስ? እዚህ ጋ ነው የደዋዩ ጥያቄ የሚያሳምመው። የእውነትና እርቅ ኮሚሽን ተቋቁሞ በ2009 ሪፖርቱን አወጣ፣ የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ይቋቋም አለ። ለዓመታት ዝም ተባለ። ቴይለር 50 ዓመት የተፈረደባቸው በ2012 ነው፤ እሱም በጎረቤት አገር፣ በሴራሊዮን ለተፈጸመው ወንጀል እንጂ በላይቤሪያውያን ላይ ለተፈጸመው አይደለም። የላይቤሪያ መንግሥት ፍርድ ቤቱን የሚያቋቁም ቢሮ ይከፈት ብሎ ያዘዘው በ2024 ነው። ቁጠረው፣ ከተኩስ አቁሙ በኋላ ሃያ ዓመት አልፎ።

ስለዚህ «እርሱት» አልልህም። የነዚያ ሴቶች መቀመጥ ፍትሕ አላመጣም። ግን ከሳሹም ምስክሩም እንዲተርፉ አደረገ። እኔ በሽምግልና ስም በደልን የሚሸፋፍን ሰው አልወድም፤ ፍርድ ቤቱ እስኪቋቋም ተኩሱ አይቁም የሚለውንም አልችለውም። አንተ ልታደርግ የምትችለው ነገር አለ፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተፈጸመው ነገር፣ ያየ ሰው። አሁኑኑ ጻፈው፣ በሁለት ቦታ አስቀምጠው፣ የምስክሩን ስም ከታሪኩ ለይተህ አስቀምጥ። ሃያ ዓመት ቆይቶ የሚከፈት ቢሮ ቢኖር የሚፈልገው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ «እፈራለሁ። ልጆች አሉኝ።»

መፍራትሽ ልክ ነው፣ ማንም አያሳፍርሽ። በሰላም የመሰብሰብ መብት በዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል፤ የተጻፈ መብት ግን በር ላይ የመጣን ሰው አይመልስም። ሁሉም ሰው ሰልፍ ፊት መቆም የለበትም። ሒሳብ የሚይዝ፣ ለእስረኛ ቤተሰብ የሚደውል፣ የሚተረጉም፣ የሌሎችን ልጆች የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ፦ የሌላ ሰውን ፊት ሳታስፈቅዱ ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። ለላይክ ብሎ ጓደኛውን ያጋለጠ ሰው አይቻለሁ፤ ጓደኝነታቸውም እዚያው አበቃ።

ጥያቄ፦ «ቡድናችን ውስጥ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሥራው ቆመ።»

ከአሥሩ ዘጠኙ ጠብ በሐሳብ ተጀመረ ይባላል፣ ሲገለጥ ግን ማን ማይክ ያዘ፣ ማን ገንዘብ ያዘ ነው። ሰብሳቢነቱ በዙር ይሁን። ገንዘብ በሁለት ፊርማ ይውጣ። ስብሰባው ከአንድ ሰዓት ተኩል አይብለጥ። ሁለቱን በየፊናቸው ሥራ ስጧቸው እንጂ ለማስታረቅ ሌላ ስብሰባ አትጥሩ፣ እባካችሁ።

ጥያቄ፦ «ካሸነፍንስ በኋላ? ይበቃል?»

ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ አይደርስምና። በ1992 ስድስት ድርጅቶች ፀረ ሰው ፈንጂ ይታገድ ብለው ተነሱ። ከመካከላቸው ፈንጂ እግራቸውን ለቆረጠባቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር የሚገጥሙ ይገኙበታል። እግር መግጠም ሰለቸን፣ ፈንጂው ይቁም ነው ነገሩ። አምስት ዓመት ብቻ ፈጀባቸው። በ1997 መጨረሻ ኦታዋ ላይ ከ120 በላይ አገሮች ፈረሙ፣ ዘመቻውና አስተባባሪዋ ጆዲ ዊልያምስ ኖቤል ተሸለሙ። አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና አልፈረሙም፤ እንዲያም ሆኖ ፈንጂ መቅበር በዓለም ፊት አሳፋሪ ሆነ።

በ2025 ግን አምስት የአውሮፓ አገሮች፣ ፊንላንድ፣ ፖላንድ፣ ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ፣ ሩሲያን ፈርተው ከስምምነቱ ለመውጣት ወሰኑ። ፍርሃታቸው የውሸት አይደለም። ፈንጂው ግን ወታደርና እረኛ አይለይም፣ ጦርነቱ ካበቃም በኋላ እዚያው ይጠብቃል። የ1997ቱን ዘመቻ የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ ሸምግለዋል፣ ብዙዎቹ ጡረታ ላይ ናቸው። በአካባቢያችሁ ያኔ ፊርማ ያሰባሰበ፣ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ካለ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ጥሩት። ወረቀቶቹን ይዞ እንዲመጣ ንገሩት።