ሞግዚት ስንቀጥር ምን እንጠይቅ? የድሬዳዋ አድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሳቢያን የደወሉ እናት)፦ ልጄ ሁለት ወር ሆነው። የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ አንድ ወር ቀረኝ። ደላላ ሁለት ሴቶች አምጥቶልኛል። አንዷ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት። ሌላዋ ከገጠር የመጣች፣ ታናናሾቿን ያሳደገች። የቷን ልቅጠር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአሁኑ ማሰብዎ በጣም ጥሩ ነው። ዓረብ አገር መሥራቷ ብቻውን ልጅ መያዝ ትችላለች አያሰኝም፤ እዚያ ጽዳት ብቻ ስትሠራ ኖራ ይሆናል። ዝርዝሩን ይጠይቋት።

«ልጅ ትወጃለሽ?» ብለው ግን አይጠይቁ። አልወድም የምትል የለችም። ይልቅ «እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ በርትቶ ልጁ አልቅሶ እምቢ ቢልሽ ምን ትሰጪዋለሽ?» ይበሏት። «የእናቱን ወተት» ካለች እሰየው። «ውሃ» ብትልም አይደንግጡ፤ በድሬ ሙቀት ብዙ ሰው የሚለው ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት ወተት በቀር ውሃም ቢሆን እንደማያስፈልገው ያስረዷት። እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። አዳምጣ «ለምን?» ብላ ትጠይቃለች? ወይስ «እኛ ቤት ስንቱን አሳድገናል» ብላ ትከራከራለች? የምትከራከረዋ እርስዎ ሥራ ሲገቡ ውሃውንም አብሹንም ቅቤውንም ልታቀምሰው ትችላለች።

ቀጥሎ እጇን ይዩ። ልጁን ከመቀበሏ በፊት ትታጠባለች? አንገቱን ትደግፋለች? በጀርባው ታስተኛዋለች? ቀን ሲተኛስ አጎበር ታደርግለታለች? በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳትን፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የቺኩንጉንያ በሽታን በከተማችን ያሰራጨችው ትንኝ በቀን የምትናከስ ናት። አጎበር ለማታ ብቻ አይደለም።

የወደዷትን እየከፈሉ አንድ ሁለት ሳምንት አጠገብዎ ያሠሯት። ከጡትዎ የታለበ ወተት ወዲያው ፍሪጅ እንዲገባ በዚያው ያስለምዷት፤ በዚህ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ አይቆይም።

ጥያቄ (ከከዚራ የደወሉ አባት)፦ ሠራተኛ ልጅ ይዛ ጠፋች ሲባል እሰማለሁ። ለመተማመኛ መታወቂያዋን ልያዝባት?

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ መታወቂያዋን ግን አይያዙባት። ኮፒው ይበቃል። ተያዥዋን በአካል ያግኙ፣ ቤቱን ይወቁ። በፊት የሠራችበት ቤትም ራስዎ ይደውሉ እንጂ ለደላላው አይተዉት። «ጥሩ ናት?» ከማለት «ለምን ወጣች? ልጁ ሲታመም ምን ታደርግ ነበር?» ቢሉ ብዙ ይሰማሉ።

ውሉን በጽሑፍ ያድርጉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። ስለዚህ ደመወዙ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የዕረፍት ቀኗ፣ ልብስ ማጠብና ምግብ ማብሰል የማን ሥራ እንደሆነ ይጻፍ። ልጅ ጠብቂ፣ እንጀራ ጋግሪ፣ አሸዋ ገበያ ውረጂ ተብላ የተቀጠረች ሴት ዓይኗን ከልጁ ላይ ማንሳቷ አይቀርም። ያ የእሷ ጥፋት አይደለም።

ጥያቄ (ከለገሃሬ የደወሉ እናት)፦ ዘመዶቼ የ13 ዓመት ልጅ እንላክልሽ አሉኝ። ሕፃን ብትይዝልኝስ?

መልስ፦ አይሆንም፣ እናቴ። እሷ ራሷ ጠባቂ የሚያስፈልጋት ልጅ ናት። ሕፃኑ ትን ቢለው ወይም ትኩሳት ቢነሳበት ብቻዋን ምን ታደርጋለች? ከመጣችም ትምህርት ቤት ያስገቧት፤ ለሕፃኑ አዋቂ ሰው ይፈልጉ።