የዘለልኳት መስመር

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ጣና ዳር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው፤ ነፋሱ ማይኩ ውስጥ ከገባ ይቅርታ።

ስለ ጸሎት ላወራችሁ ነው። ተረጋጉ፣ ስብከት አይደለም። ስብከቱ ባለቤት አለው።

አቡነ ዘበሰማያትን የማያውቅ የለም። ቅዳሴ ላይ እንላታለን፣ ማዕድ ላይ እንላታለን፣ የዕድር ስብሰባ እንኳ ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን በእሷ ነው የምንዘጋው። እኔ በልጅነቴ አያቴ ፊት ቆሜ በግእዝ አጠናኋት፤ ከዚያ ወዲህ ጫማዬን እያሰርኩም፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜም በአንድ ትንፋሽ እወጣታለሁ። አፌ ይላል፣ ልቤ ገበያ ነው።

አምና ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተጣላን። በጋራ ባጃጅ ልንገዛ 60 ሺህ ብር ሰጠሁት። ባጃጁም የለም፣ ብሩም የለም፣ ስልክም አያነሳም። እሺ፣ ይሄ ስንቱ ላይ የደረሰ ነው። ግን በዚያው ሰሞን የምለውን ልስማው ብዬ ጸሎቴን በአማርኛ ማድረስ ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ እዚሁ መጥቼ ቆምኩ። አንድ ሰው የደንገል ታንኳው ላይ ሆኖ መረብ ይስባል። ቆሮሶውን ከመረቡ እያላቀቀ ወደ ኋላው ይወረውራል፣ ዓሣው ጧ፣ ጧ ይላል። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» አልኩ። ደስ አለኝ፤ እንጀራው ዓይኔ ሥር ነዋ! «በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን...» ስል የዚያ ልጅ ፊት ድቅን አለብኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዘለልኳት። «ወደ ፈተና አታግባን» ብዬ ቀጠልኩ። እግዚአብሔርን ልሸውድ!

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ስዘል ከረምኩ። አንድ ማታ ማቴዎስ 6ን ገለጥኩ። ጌታ ጸሎቱን አስተምሮ እንደጨረሰ፣ ቁጥር 14 እና 15 ላይ ተመልሶ የሚያብራራት አንዲት መስመር ብቻ ናት። ስለ እንጀራው አልተመለሰም፣ ስለ ፈተናውም አልተመለሰም። ሰውን ይቅር ካላላችሁ አባታችሁም ይቅር አይላችሁም ነው የሚለው። የዘለልኳትን!

ግእዙ ደግሞ «ኅድግ ለነ» ይላል፤ ተውልን፣ እኛም እንደምንተው። ይቅርታስ በአፍም ይባላል። መተው ግን የጨበጡትን መልቀቅ ነው፣ እኔ ደግሞ የሌለ 60 ሺህ ብር ጨብጬ ቆሜያለሁ።

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። «አባ፣ ይቅር ሳልል ይህን ማለት ውሸት አይሆንብኝም? ብተወውስ?» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። «ጸሎቱንማ እንዳታቋርጥ። እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ ቁምና ስሙን ጥራ። የክርስትና ስሙን ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም። ስምንት ዓመት አብረን በልተን ጠጥተን፣ የክርስትና ስሙን አላውቀውም!

ሽምብጥ ሰፈር፣ እናቱ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ፤ ለብሩ የመጣሁ መስሏቸዋል፣ አይፈረድባቸውም። «እማማ፣ የክርስትና ስሙን ፈልጌ ነው» ስላቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሽ አዩኝና «ምን ልታደርግበት?» አሉኝ። «በጸሎት ላስበው» አልኩ። ዱካ ስበው አስቀመጡኝና ቡና ሊያፈሉ ጓዳ ገቡ። ስሙን የነገሩኝ ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው። እዚህ አልናገረውም።

አሁን እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እቆማለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ። አንዳንድ ቀን ቀለል ብሎኝ አልፋለሁ። አንዳንድ ቀን ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ዛሬ ጠዋት ለምሳሌ ሁለት ታንኳ እስኪያልፍ ድረስ እዚያው ቃል ላይ ቆሜ ነበር።

ብሩን? ኧረ እስካሁን አልከፈለኝም።