ሦስት ኮሌጅ ተቀብሎኛል፤ የቱ ጋ ልግባ?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ። እስካሁን ለማኞቹ እናንተ ነበራችሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ለማኞቹ ኮሌጆቹ ናቸው። ይህ ወንበር ብዙ አያስቀምጥም። እዚህ አሜሪካ አብዛኞቹ ኮሌጆች መልሳችሁን የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው፤ ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ደግሞ ማርች መጨረሻ ላይ ስለሚደርሱ በእጃችሁ ያለው አንድ ወር ገደማ ነው።

ስለ ኮሌጆቹ ስምና ዝና ዛሬ አናወራም፤ እሱን ዘመድ ሁሉ ይነግራችኋል። እኛ የምናወራው ገንዘቡ ስለተጻፈበት ገጽ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የሂሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2022 ባወጣው ሪፖርት፣ 91 በመቶ የሚሆኑት ኮሌጆች ተማሪው በትክክል የሚከፍለውን ገንዘብ በኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ደብዳቤያቸው ላይ ወይ አይጽፉትም፣ ወይ አሳንሰው ይጽፉታል ብሏል። ስለዚህ ደብዳቤው አላስረዳኝም የምትሉ ወላጆች ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ቁጥሩ እንዲገባን እኛ ለምሳሌ ያስቀመጥናቸውን ሁለት ደብዳቤዎች እንይ። የመጀመሪያው ኮሌጅ የዓመት ወጪው 62,000 ዶላር ነው፤ “48,000 ዶላር ኤይድ ሰጥተንሃል” ይላል። ሁለተኛው ወጪው 34,000፣ ኤይዱ 14,500 ነው። ቀንሱ። አንደኛው 14,000፣ ሁለተኛው 19,500 የሚያስከፍል ይመስላል። ውድ የተባለው ረከሰ ማለት ነው፤ ቤተሰብም እልል ይላል።

አሁን ኤይዱን ዘርዝሩት። የአንደኛው 48,000 ውስጥ ግራንት 27,000 ብቻ ነው። ወርክ ስተዲ (ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው) 3,000፣ የተማሪ ሎን (ብድር) 5,500፣ ፓረንት ፕላስ ሎን (የወላጅ ብድር) ደግሞ 12,500። በሁለተኛው ግራንት 9,000፣ ሎን 5,500 ነው። ከወጪው ላይ መቀነስ ያለበት የማይመለስ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ግራንትና ስኮላርሺፕ። እንደዚያ ሲሰላ የመጀመሪያው 35,000፣ ሁለተኛው 25,000 ሆነ። ረከሰ ያላችሁት በዓመት 10,000፣ በአራት ዓመት 40,000 ዶላር ይበልጣል።

ሎን ስጦታ አይደለም። በወላጅ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት ሊበደር የሚችለው በመደበኛው ቢበዛ 5,500 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ሰብሲዳይዝድ የሚባለው፣ ማለትም ልጁ እየተማረ ሳለ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍንለት፣ ከ3,500 አይበልጥም። የቀረው ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይወልዳል። ፓረንት ፕላስ ደግሞ የወላጅ ዕዳ ነው፤ ልጁ ቢመረቅም ባይመረቅም ከፋዩ የፈረመው ወላጅ ነው። ወርክ ስተዲም ከቢሉ ላይ አይነሳም። ልጁ ሥራ አግኝቶ፣ ሰዓቱን ሠርቶ በደመወዝ የሚያገኘው ነው፤ የሴፕቴምበርን ክፍያ አያደርስም።

ወጪውም ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንዱ ደብዳቤ ትምህርት ክፍያውን ብቻ ጽፎ ዶርሙን፣ ምግቡን፣ መጽሐፉን፣ መመላለሻውን ይተወዋል። የጤና ኢንሹራንስም ቢሉ ላይ ይገባል፤ በወላጁ ኢንሹራንስ የተሸፈነ ልጅ ብዙ ጊዜ ዌቨር (ኢንሹራንስ አለኝ፣ አልፈልግም የሚል ቅጽ) ሞልቶ ሊያስነሳው ይችላል። ቀኑ ካለፈ ግን ይከፍላል።

ቀጥሎ የሁለተኛውን ዓመት አስቡ። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ ይታደሳል ወይ? በስንት ጂፒኤ? 3.0 የሚጠይቅ ከሆነ፣ ኢንጂነሪንግ ወይም ኬሚስትሪ የሚወስድ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር 2.8 ማምጣቱ ብርቅ አይደለም። አንድ ሴሚስተር ዝቅ ሲል ወዲያው ይነጠቃል ወይስ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል? በጽሑፍ ጠይቁ። ስኮላርሺፑ አይጨምርም፣ ትምህርት ክፍያው ግን ይጨምራል። 40,000 የነበረው በዓመት 4 በመቶ ቢጨምር በአራተኛው ዓመት 45,000 ሊደርስ ምንም አይቀረውም።

ከገንዘቡ ቀጥሎ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው ሜጀር (የሚማርበት ዋና ዘርፍ) ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎሃል ማለት ዲፓርትመንቱ ተቀብሎሃል ማለት አይደለም። ነርሲንግ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ቢዝነስ በብዙ ቦታ ከአንደኛ ወይም ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ሌላ ማመልከቻ አላቸው። ደብዳቤው ላይ “ፕሪ ነርሲንግ” የሚል ካያችሁ ነርሲንግ ገብታችኋል ማለት አይደለም። ወደ ዲፓርትመንቱ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ አመለከተ፣ ስንቱ ገባ፣ ያልገባው የት ሄደ? መልሱን ከሸፋፈኑባችሁ ያም ራሱ መልስ ነው። ኢንጂነሪንግ ከሆነ ፕሮግራሙ የኤቤት (ABET፣ የኢንጂነሪንግ ትምህርትን መርምሮ እውቅና የሚሰጥ ድርጅት) እውቅና እንዳለው አጣሩ። ኮሌጆች የሚያወጡት የምረቃ መጠን ብዙውን ጊዜ በስድስት ዓመት ውስጥ የጨረሱትን የሚቆጥር ስለሆነ የአራት ዓመቱን ለይታችሁ ጠይቁ። አምስተኛ ዓመት ማለት ሌላ ሙሉ ክፍያ ነው።

የወደዳችሁት ኮሌጅ ገንዘቡ ከከበደ፣ ዲፖዚት (የቦታ ማስያዣ ገንዘብ) ሳትከፍሉ በፊት ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው የይግባኝ ደብዳቤ ጻፉ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። የተለወጠውን ነገር ተናገሩ፦ ሥራ መቋረጥ፣ ሕክምና፣ ፋፍሳ (FAFSA፣ የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) ላይ የሞላችሁት ገቢ ዛሬ አለመኖሩን። ማስረጃ አያይዙ፤ የተሻለ የሰጣችሁ ኮሌጅ ካለ የእሱን ደብዳቤ ጨምሩ። የጎደላችሁን መጠን በቁጥር ጻፉ፤ “እባካችሁ እርዱን” ብቻ ብሎ የሚያልቅ ደብዳቤ ለቢሮው የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። ሁልጊዜ ይሳካል አንልም። ጠይቆ ስኮላርሺፑ የተነጠቀበት ሰው ግን እምብዛም የለም።

ዲፖዚት አንድ ቦታ ብቻ ክፈሉ። ሁለት ቦታ ከፍሎ በጋውን ማሰብ የሚያዋጣ ይመስላል፤ ከታወቀ ግን ቦታ ሊያሳጣ ይችላል፣ ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ላይ ያላችሁም፣ ከተቀበላችሁ ኮሌጅ አንዱ ጋ እስከ ሜይ 1 ከፍላችሁ ጠብቁ። የዶርም ማመልከቻ የራሱ ቀን አለውና እሱንም እዩ። የሃይስኩል ውጤት እስከ መጨረሻው ይታያል፤ በጣም ካሽቆለቆለ የተሰጠው ቦታ ሊሰረዝ ይችላል።

ከከፈላችሁ በኋላ ወደ ሌሎቹ ኮሌጆች ፖርታል ገብታችሁ አልመጣም የሚለውን ተጫኑ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዌይትሊስት ላይ ሆኖ ያንን ቦታ የሚጠብቅ ልጅ አለ።

አሁን ደብዳቤያችሁን የያዛችሁ ወደፊት ኑ፤ አብረን እንቀንሳለን።