አንዷ ኤምአርአይ የት ትነሳ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው የነርቭ ሽፋን ስለሆነው ማይሊንና ሰውነት ራሱ ሲያጠቃው ስለሚመጡ በሽታዎች ነው። በብዛት የምንሰማው ኤምኤስን (መልቲፕል ስክለሮሲስ) ነው፤ ኤንኤምኦ (ኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካ) የሚባለውም አለ፣ እሱ ዓይንንና ሕብለ ሰረሰርን አጥብቆ ይመታል። የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለም። ለኤምኤስ የሚሰጡት ኢንተርፌሮንና ፊንጎሊሞድ ኤንኤምኦን ሊያባብሱት ይችላሉ። ስለዚህ መለየቱ የስም ጉዳይ አይደለም።

ደሴ ላይ ለሚያክም ሰው ነገሩ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። ከወረኢሉ ወይም ከደላንታ በሬ ሸጦ የመጣ ቤተሰብ ገንዘቡ ለአንድ የኤምአርአይ ምስል ቢበቃ ነው። ታዲያ ያቺ አንዷ የት ትነሳ?

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ብክነት ይሄ ነው፦ «እግሬ ከዳኝ» ሲባል የወገብ ኤምአርአይ ይታዘዛል። የአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር ግን አንደኛው ወይም ሁለተኛው የወገብ አጥንት ጋ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ያለው የነርቭ ሥር ብቻ ነው። ውጤቱ «ትንሽ የዲስክ መንሸራተት» ይላል፣ ሰውየው የሕመም ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል፣ በሽታው ግን ከፍ ብሎ በደረት በኩል ባለው ሕብለ ሰረሰር ላይ ተቀምጧል።

ከማዘዝ በፊት ንጹሕ መርፌ ያዙና ከጭን ጀምራችሁ ወደ ላይ እየነካችሁ ውጡ። ስሜቱ እምብርት ላይ ከተቀየረ አሥረኛው የደረት ነርቭ ነው፣ ጡት ጫፍ ላይ ከሆነ አራተኛው። ጉዳቱ እዚያው ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ከዚያ በታች አትፈልጉት። ወረቀቱ ላይ «አንገትና ደረት፣ ከኮንትራስት ጋር» ብላችሁ ጻፉ (ኮንትራስት ጉዳቱን የሚያጎላ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው)፤ የሚቻል ከሆነ ፍሌር የሚባለው የአንጎል ኤምአርአይ ዓይነት ይጨመርበት። ጥያቄያችሁንም አብራችሁ ጻፉ፦ ጠባሳው (በምስሉ ላይ የሚታየው የጉዳቱ ቦታ) የስንት አከርካሪ አጥንት ርዝመት ይሸፍናል? ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ኤንኤምኦ ያዘነብላል፤ የኤምኤስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም። ምስሉ ከዘገየ ግን ረጅሙ ጠባሳ አጥሮ ወይም ተቆራርጦ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ሕመሙ የጀመረበት ቀንም ይጻፍ። ሲቲ ስካን ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይረዳም።

ቀኑን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። «መቼ ጀመረዎት?» ቢባል «ከቆየ» ነው መልሱ። በበዓል ብትጠይቁ ይወጣል። «ለአረፋ ሶላት በእግርዎ ሄደው ነበር?» «ለጥምቀት ከታቦቱ ጋር ወርደሽ ነበር?» የሕብለ ሰረሰር ብግነት ከሰዓታት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው ከፍ የሚለው። በደቂቃዎች ከመጣ የደም ሥር ጉዳይን አስቡ፤ በወራት ከሆነ የአከርካሪ ቲቢን፣ የቢ12 እጥረትን፣ ኤችአይቪን።

ወሎ ላይ ጓያ መብላቱ ሳይጠየቅ አይታለፍም፤ እህሉ በብዛት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደላንታና ዳውንት ላይ ብዙ ሰው እግሩን ያጣው በጓያ ነው። የጓያው እግር ይገተራል፣ በጣት ጫፍ ያስረግጣል፤ መርፌው ግን በየቦታው እኩል ይሰማል፣ የሽንት ችግርም ብዙውን ጊዜ የለም። ይህን ለመለየት ኤምአርአይ አያስፈልግም።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንድ ዓይን ከሕመም ጋር ደብዝዞ ተመልሶ ያውቃል? ለሳምንታት ያልቆመ ስቅታ ወይም ትውከትስ ነበር? ይሄ ሁለተኛው «ጨጓራ» ተብሎ ሲታከም የሚከርም የኤንኤምኦ ምልክት ነው። የዓይኑን ደግሞ በባትሪ ፈትሹ፦ ብርሃኑን ከደህናው ዓይን ወደ ታመመው ስታዞሩ የታመመው ብሌን በመጥበብ ፈንታ ከሰፋ የዓይን ነርቭ ተጎድቷል።

ከደሴ በሐረጎ ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገባ እይታው የሚደበዝዝበት፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስለት ታካሚም አለ። ይሄ አዲስ ጥቃት አይደለም። አዲስ ጥቃት ለመባል ያለ ትኩሳት ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። በሙቀት ምክንያት ብቻ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) አይጀመር።

እውነተኛ ጥቃት ከሆነ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ በቀን 1 ግራም በደም ሥር፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል። ከዚያ በፊት የደረት ራጅ፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ይሠራ፤ በእኛ አገር ቲቢና የአንጀት ትል ከስቴሮይድ ጋር ሲገናኙ ይከፋሉ። «በስቴሮይድ ስለተሻለው ኤምኤስ ነው» የሚለውን ድምዳሜ እባካችሁ ተዉት። ሊምፎማም (የሊምፍ ካንሰር) ለጊዜው ይሻለዋል።

ኤንኤምኦን የሚለየው የአኳፖሪን 4 ፀረ እንግዳ አካል የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ናሙናው የሚመረጠው ከደም እንጂ ከጀርባ ፈሳሽ አይደለም። ስቴሮይድ ሳይጀመር ይቀዳ፣ ሴረሙ (ከደም ሴሎቹ የተለየው ፈሳሽ) ተለይቶ በቅዝቃዜ ይላክ። ፀረ እንግዳ አካሉን ከሚፈልጉት ሁለት የላቦራቶሪ ዘዴዎች በሴል የሚሠራው ኤላይዛ ከሚባለው ይበልጣል፤ በኤላይዛ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። ኔጌቲቭ መሆኑም በሽታውን አያስቀርም።

ምርመራው ካልተገኘና ጠባሳው ረጅም ከሆነ፣ በእኔ እምነት እንደ ኤንኤምኦ መያዙ ይሻላል። የበሽታ መከላከያን የሚያዳክመው አዛታዮፕሪን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ነው፤ የደም ሴልና ጉበት እየታየ። ይህ መድኃኒት ሙሉ ሥራውን ለመጀመር ስድስት ወር ገደማ ይፈልጋል፣ እስከዚያ ታካሚውን የሚጠብቀው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የሚዋጥ ስቴሮይድ ነው። ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎኑ በአንድ ወር ይቋረጥና ሁለተኛው ዓይን ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ በምትመልሱት ወረቀት ላይ ስንት ሚሊግራም፣ እስከ የትኛው ወር እንደሆነ ጻፉ፤ አንድ ቅጂም ለቤተሰቡ ስጡ።