ዜማ መልክ ሲኖረው፦ የህንድ ራጋማላ ስዕሎች

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! ዛሬ የምናወራው በዓይን ስለሚታይ ዜማ ነው።

[ስዕሉ ይታያል]

እዩልኝማ! ከመጽሐፍ ገጽ አትበልጥም። አንዲት ሴት ጫካ ውስጥ ቆማለች። ቪና የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ትከሻዋ ላይ አጋድማ ትደረድራለች፤ አጋዘኖች አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዳምጧታል። ይህች ሴት ቶዲ ናት። ቶዲ ደግሞ የህንድ ዜማ ስልት ነው፤ እንዲህ ያለውን ስልት ራጋ ይሉታል። አዎ፣ ሴቲቱ ራሷ ዜማው ናት!

እንዴት? ትዝታን አስቡ። ክራሩ ገና ሲነካ፣ ግጥም ሳይመጣ፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት፣ ሆዳችን ይባባል። ማንም እዘኑ አላለንም፤ ቅኝቱ ራሱ ጠባይ አለው። እስቲ ትዝታን ሰው አድርጋችሁ ሳሉት። ሴት ናት ወንድ? የት ተቀምጣለች? ማንን ትጠብቃለች? ማለዳ ነው ምሽት? እኔ መስኮት ዳር አስቀምጣታለሁ፣ ውጭ እያካፋ። የእናንተን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም በዚያው። የህንድ ሰዓሊዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ቶሎ ቶሎ ልበለው፦ ራጋማላ የሚባለው የእነዚህ ስዕሎች ጥራዝ ነው፤ የተለመደው 36 ስዕል አለው። ስድስት ወንድ ራጋዎች፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት ራጊኒ የሚባሉ ሚስቶች። በሂማላያ ግርጌ ልጆችም ስለሚጨመሩ ከ80 ያልፋል። ሁለት ስም ያዙልኝ፦ በሰሜን ምዕራብ ህንድ በነበረው የሜዋር መንግሥት፣ በ1605 እ.ኤ.አ. ቻዋንድ ከተማ ላይ የሣለው ናሲሩዲን፣ በ1628 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰዓሊው ሳሂብዲን።

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትጠይቁኝ። «ስዕሉን አይቶ መጫወት ይቻላል? ኖታው የት ተደብቋል?» አይቻልም፤ የተደበቀ ነገርም የለም። አጋዘኖቹን ብትቆጥሩ፣ የዛፎቹን ቅጠል ብትቆጥሩ ዜማ አይወጣም። ሙዚቀኛው ራጋውን የተማረው ከመምህሩ አፍ ነው። ሰዓሊው የተከተለው ግጥም ነው። ከብዙዎቹ ስዕሎች አናት ላይ ያለችውን ቢጫ ሰሌዳ አያችኋት? ግጥሙ እዚያ ነው፤ የሚያወራውም ስለ ፍቅረኛ፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ወቅት ነው። የአንዱ ራጋ መልክ ከአገር አገር የሚለያየውም ለዚህ ነው፤ የሚከተሉት ግጥም አንድ አይደለም። እኔ እንዲያውም ውበቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ኖታ ቢሆን ኖሮ ሙዚቃ ያልተማረ ሰው ምን ይጠቅመው ነበር?

ስለዚህ ሙዚየም ስትገቡ ምልክቶቹን ፈልጉ። ዥዋዥዌ ካያችሁ ሂንዶላ ነው። ጥቁር ደመና ሥር የሂንዱዎች አምላክ ክሪሽና የሚጨፍር ከሆነ ሜጋ ነው። ሴት ከእባቦች ጋር ከተቀመጠች አሳቫሪ ናት፤ እሷን በሚቀጥለው ቪዲዮ በሰፊው እናያታለን።