ዝም በሉ አትበሉን

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ሊቀመንበራችን «ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ተናገርና ውረድ» ብለውኛል። አምስት ደቂቃ እንደማይበቃኝ እሳቸውም ያውቃሉ። ባለፈው የገና ዝግጅት ላይ ያለ ወረቀት ወጥቼ ምን እንዳደረግኳችሁ ስለማስታውስ፣ ዛሬ ጽፌ ነው የመጣሁት።

የምናየው «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» ነው። ለንደን ውስጥ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1975 ነው። በዚያው ወር አዲስ አበባ ላይ ጃንሆይ ማረፋቸው ተነገረ። እኛ ቤት ስለ ፊልም የሚያስብ ሰው አልነበረም።

«ታዲያ አንተ ይሄን ፊልም ከየት አወቅከው?» ትሉኝ ይሆናል። የተዋወቅነው በመጥረጊያ ነው።

አሜሪካ በገባሁ በዓመቱ፣ ቀን ፓርኪንግ፣ ሌሊት ደግሞ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ጽዳት እሠራ ነበር። የሲኒማ ቤቱን ስም አልጠራም። የሁለት ሳምንት ደሞዜን በልተውኝ ነው የተለያየነው፤ ስማቸውን ካነሳሁ ንግግሬ ሌላ መስመር ይይዛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሌሊት፣ በኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አዳራሹ ስገባ ወለሉ በሙሉ ሩዝ ነው። ጥሬ ሩዝ። በላዩ ላይ ውሃ። የተጠበሰ ዳቦ፣ የመጫወቻ ካርታ፣ የራሰ ጋዜጣ፣ ከወንበር ወንበር የተዘረጋ ሶፍት። በመጥረጊያ ብሞክረው ይጣበቃል። በሞፕ ብሞክረው ገንፎ ይሆናል። በዚያ ላይ እህል ነው። እኔ ያደግኩት እህል መርገጥ ጡር ነው በሚባልበት ቤት ነው። ተንበርክኬ በእጄ ለቀምኩት። ከወንበር እግርና ከምንጣፍ መሃል የገባችውን እያንዳንዷን ፍሬ በቤቴ ቁልፍ እየጫርኩ አወጣኋት። አለቃዬን «ሠርግ ነበር እንዴ?» አልኩት። «አዎ፤ ፊልሙ ውስጥ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ቀደም ብዬ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ኮርሴት፣ ማለትም ወገብ የሚያጠብቅ የሴት ልብስ፣ የለበሰ ልጅ «አይተኸው ታውቃለህ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። ሊፕስቲኩን አውጥቶ ጉንጬ ላይ የእንግሊዝኛውን «ቪ» ጻፈብኝ። ፊልሙን አይቶ የማያውቅ ሰው «ድንግል» ነው የሚባለው፤ ምልክቱ ያ ነው። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ፣ አዲስ በመሆኔ የተጨበጨበልኝ ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። ሙሽሮቹ ላይ ሩዝ ሲበተን ተመልካቾቹም በተኑ። የፊልሙ ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ ጃኔት ዝናቡን ስትሸሽ ጋዜጣ ራሷ ላይ ስትይዝ እነሱም ያዙ፤ ከኋላ ያሉት በውሃ ሽጉጥ ያርሷቸዋል። እራት ላይ ጽዋ ሲነሳ ዳቦ በረረ። በእንግሊዝኛ ጽዋ ማንሳትና የተጠበሰ ዳቦ ስማቸው አንድ ነው፤ ቀልዱ ይሄው ነው። ተዋናዩ ተናግሮ ሳይጨርስ አዳራሹ ይመልስለታል።

ይሄን ሁሉ ማንም አላቀደውም። ሪቻርድ ኦብራየን የጻፈው ሙዚቃዊ ቴአትር በ1973 ሲጀመር፣ ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ፎቅ ላይ 60 ያህል ሰው በምትይዝ ክፍል ነበር። ፊልም ሆኖ ሲወጣ ወደቀ። በኤፕሪል 1976 ግን ኒው ዮርክ ውስጥ ዌቨርሊ የሚባል ሲኒማ ቤት እኩለ ሌሊት ላይ ማሳየት ጀመረ። እዚያ ነው አንድ ተመልካች ጋዜጣ የደፋችውን ጃኔትን «ጃንጥላ ግዢ!» ብሎ የጮኸባት። ቀጥሎ ስድብ አለው፤ ልጆች ስላሉ ልተወው።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። ሁለተኛው አጋማሽ ይንዛዛል። ተራኪው በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ይወስዳል። ግን ሰው የራሱን ቃል የሚያስገባው በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ቲም ከሪ በሊፍት ሲወርድ ቀድሞ የሚታየው ወለሉን የሚመታው ታኮው ነው። አዳራሹ በሙሉ አብሮት መታ። እኔም መታሁ፤ በጽዳት ጫማዬ።

እሺ። አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ባለፈው ወር ይሄ ክለብ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። «ፊልም በሚታይበት ሰዓት ማውራት፣ መዝፈንና ከመቀመጫ መነሳት ክልክል ነው።» ማን እንደጻፈው አልጠይቅም። የእጅ ጽሑፉን ግን አውቀዋለሁ፣ ክቡር ሊቀመንበር።

እኛን ነው ዝም በሉ የምትሉት? ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን «ከኋላህ ነው! ዙር!» እያልን ያደግነውን? አዝማሪ ቤት ገብተን «ተቀበል!» ብለን ግጥም የምንሰጠውን? አዝማሪው ግጥሙን ተቀብሎ በማሲንቆው ይመልሰዋል እንጂ «ዝም ብለህ ስማኝ» አይልም! ዝም ብሎ ማየትማ ቤታችን ሞልቷል። ማታ ማታ ሁላችንም አንገታችንን ስልክ ላይ ደፍተን ለብቻችን እናያለን። ቤንዚን አቃጥለን፣ ፓርኪንግ ከፍለን እዚህ የመጣነው አንዳችን የሌላውን ማጅራት ለማየት ነው?

ሙኒክ ውስጥ ይሄን ፊልም ከ1977 ጀምሮ የሚያሳይ ሲኒማ ቤት አለ። እዚህ አሜሪካ ፖርትላንድ ያለው ክሊንተን ስትሪት ቴአትር የሚባል ሲኒማ ቤት ከ1978 ጀምሮ ያሳያል፤ በኮቪድ ጊዜ ልማዱ እንዳይቋረጥ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አጫውቶታል። የሚመጡት ሰዎች ፊልሙን በቃላቸው ይዘውታል። መጨረሻውን ለማወቅ የሚመጡ ይመስላችኋል?

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ አለባበሱ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ ወንድ ሆኖ ኮርሴትና ታኮ ነው የሚያደርገው። ከወዲሁ የተኮሳተረ ፊት ይታየኛል። ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ፤ ያን ሌሊት ከነበሩት ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ሲገቡ ሰው ዞሮ የሚያያቸው ልጆች ነበሩ። እዚያ ማንም አይዞርባቸውም። እኔም ያን ጊዜ አፌን ስከፍት ሰው ይዞርብኝ ነበር።

ሦስተኛው ስለ ሙዚቃው ነው፤ ትሰሙታላችሁ። አራተኛውን ገጽ መኪና ውስጥ ሳልረሳው አልቀረሁም።

ማስታወቂያውን ስገባ ነቅዬዋለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ነው። በሩ አጠገብ ጋዜጣ ተከምሯል፤ አንዳንድ ውሰዱ። እኔ ሩዝ አላመጣሁም። ነገ ጠዋት ይሄን አዳራሽ የምታጸዳዋን እህታችንን አውቃታለሁ። መጥረጊያ ግን ከቤቴ ይዤ መጥቻለሁ፤ መጋረጃው ጀርባ ቆሟል። በቦርሳው ሩዝ ደብቆ የገባ ካለ ይበትን፣ እኔ እጠርጋለሁ። ውሃ ብቻ እንዳታስነኩት።