ያ ልጅ ተሻለው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ቤት ኪራይ እናወራለን ብዬ ነበር፣ እሱ ይቆየን። ሌላ ነገር ነው ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ። ቤዝቦል ነው። አዎ፣ ደግሞ ጀመራት የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬን ብቻ ታገሱኝ።

ናሽናልስ፣ የዋሽንግተን ቡድናችን፣ የሚያደርጉንን አያችሁ አይደል? የ2025 የመክፈቻው ቀን፣ ማርች 27። ወርዋሪያችን ማኬንዚ ጎር ከዘጠኙ ኢኒንግ፣ ከጨዋታው ዙሮች፣ ስድስቱን ወረወረ። 13 ሰው በስትራይክ አስወጣ። የተመታበት አንድ ሂት ብቻ ነው። በነፃ ያሳለፈው ሰው፣ ዎክ የሚሉት፣ አንድም የለም፣ አንድም ነጥብ አልገባበትም። እኔ ወጥ እየሠራሁ ነበር። ማማሰያውን እንደያዝኩ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ሽንኩርቱ አረረ፣ ግድ አልሰጠኝም። በቃ ዘንድሮ የኛ ዓመት ነው አልኩ። ከዚያ ጎር ወጣ፣ ቡልፔኑ፣ ማለትም ተተኪ ወርዋሪዎቹ፣ ገባ። በ10ኛው ኢኒንግ 7 ለ 3 ተሸነፍን። ያውም በፊላደልፊያ ቡድን። ያውም በሜዳችን።

ከዚያ ወዲህማ ምኑን ልንገራችሁ። ስታርተሩ፣ ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ፣ ቀኑን ሙሉ የገነባውን፣ ቡልፔኑ በ15 ደቂቃ ይንደዋል። ስድስተኛው ኢኒንግ ሲያልቅ ሆዴን ይቆርጠኛል። እውነቴን ነው። ቢመቱበት እኮ አንድ ነገር ነው። ያኛውም ሰው ሊመታ ነው የመጣው፣ እንጀራው ነው። ዎኩ ነው የሚያንገበግበኝ። አራት ቦል፣ አራት የሳተ ኳስ፣ ወርውረህ ሰውየውን በነፃ ቤዝ ላይ ማስቀመጥ ምን ይባላል? ከዚያ ሌላ ዎክ። ከዚያ ሆም ራን። ሦስት ነጥብ። ደግሞ ይሄ እንደሚመጣ ክረምቱን ሙሉ ስንጮህ ነበር። ቡልፔን ከገበያ በተረፈ ዕቃ አይሠራም። እንደ መቺው ጄምስ ዉድ ያሉ ወጣት ልጆች አሉን። እነሱ ለፍተው ሲመሩ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ኢኒንጎች ዘጠኙን መቺ የሚያስወጣ ሰው ካልገዛህላቸው ልፋታቸውን ምን አደረግከው? ይሄ በጣም ያናድደኛል። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ሳይ...

እሺ። ወደዚያ ልሂድ። የመጣሁበትን ልናገር።

ባለፈው እሁድ አባባ ጋ ሄድኩ። ከጥር ወዲህ ያለውን ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ቀኝ እጃቸው አሁን ብርጭቆ ይይዛል፣ እስኪርቢቶ ግን ገና ነው። ጨዋታ ከፈትንላቸው። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ያው የለመድነው መጣ፣ ዎክ፣ ዎክ። እኔ መጮህ ጀመርኩ። አባባ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ ከመሬት ተነስተው፣ "ያ ልጅ ተሻለው?" አሉኝ።

"የቱ ልጅ አባባ?"

"ያ የክንዱ ልጅ። ቁጥር ያልነበረው።"

ደነገጥኩ። ስድስት ዓመት ሆኖታል እኮ! 2019 ነው። የሚሉት ትሬቨር ሮዘንታልን ነው፣ ያን ዓመት ቡልፔናችን ውስጥ የነበረውን ወርዋሪ።

የቆያችሁ ታስታውሳላችሁ። ያን ዓመት ሮዘንታል ሲመጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሴንት ሉዊስ እያለ በ2014 45 ሴቭ፣ ማለትም መሪነቱን አስጠብቆ የጨረሰው ጨዋታ፣ በ2015 ደግሞ 48 ሴቭ ያለው ሰው ነው። ኳሱ በሰዓት ወደ 100 ማይል ይሄዳል። 2017 ላይ ክርኑ ተጎድቶ ቶሚ ጆን የሚሉትን፣ የክርን ጅማት የሚተኩበትን ቀዶ ሕክምና አደረገ፣ 2018ን ሙሉ አልተጫወተም። ይሄን ለአባባ ስነግራቸው የጠየቁኝ ስለ ኳሱ አይደለም። "ጅማቱን ከየት አምጥተው ተኩለት?" ነው ያሉኝ። ከራሱ ሰውነት ነው አልኳቸው። ከፊት ክንድ ይወስዳሉ፣ አንዳንዴ ከታፋ ጀርባ። በጣም ገረማቸው። ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው በ1974 ነው ስላቸው፣ "እኔ እኮ ያን ዓመት ተማሪ ነበርኩ" አሉ። ከዚያ ስለ 66ቱ ማውራት ጀመሩ፣ አንድ ሰዓት ሄደ። ቤዝቦልና አባባ እንዲህ ናቸው። ከሜዳው ተነስተው የት እንደሚደርሱ አይታወቅም። ከወርዋሪው እስከ መቺው ያለውን 60 ጫማ ከ6 ኢንች በናፕኪን ላይ አካፍለው፣ ኳሱ ግማሽ ሰከንድ እንኳን እንደማይወስድበት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በሂሳብ ነው ጨዋታውን የወደዱት። በሂሳብና በፕሬዚዳንቶቹ ሩጫ፣ በጨዋታው መሀል የድሮ ፕሬዚዳንቶችን ትልልቅ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች በሚሮጡት። ከነሱ አንዱ፣ ቴዲ ሩዝቬልት፣ በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፍ ያለቀሱትን ነግሬያችኋለሁ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ 2019።

የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከኒው ዮርኩ ቡድን ከሜትስ ጋር። መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መሄድ ስላልቻለ ሁለት ትኬት ሰጠኝ። የት መሰላችሁ? ከኛ ተጫዋቾች መቀመጫ በላይ፣ በአንደኛው ቤዝ በኩል። እንደዚያ ቀርበን ተቀምጠን አናውቅም። ኔቪ ያርድ ወርደን በእግር ሄድን። አባባ ጋቢያቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አነጠፉት። ቆሎውን በምታውቋት ፌስታል አወጡ። ጎናችን የተቀመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፣ አቀረቡላቸው። ሰውየው ሱፉን ለብቻ ለቀመ። ደስ የሚል ቀን ነበር። በጣም ደስ የሚል ቀን።

ከዚያ ሮዘንታል ገባ።

አንዱ መታበት። ሌላው መታበት። ማንንም ማስወጣት አልቻለም። ኳሱ እኮ ፈጣን ነው! ሲወጣ ትሰሙታላችሁ፣ ጓንቱ ውስጥ ሲገባ ይጮኻል። ግን የሚሄደው እሱ ወዳሰበው አይደለም። አንድ ጊዜ ወደ ውጭ፣ አንድ ጊዜ መሬት። ሰው መጮህ ጀመረ። ከኋላዬ፣ ከጎኔ፣ ከላይ። አሠልጣኙ ሊያስወጣው መጣ። ኳሱን ተቀበለው። ሮዘንታል ወደኛ መራመድ ጀመረ፣ መቀመጫው ከእግራችን ሥር ነው። እየቀረበ መጣ። እኔ ተነሳሁ። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ በእንግሊዝኛ፣ "ወደ ቤትህ ሂድ!" አልኩት።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እንዴት ያለ ድምፅ እንደሆነ አሁንም ይሰማኛል። የኔ አይመስልም።

ይስማ አይስማ አላውቅም። ያን ያህል ሕዝብ እየጮኸ ነው። ላይሰማ ይችላል። ሰምቶም ይሆናል። ግን አባባ ሰምተዋል። ቁጭ ስል ቆሏቸውን ፌስታሉ ውስጥ እየመለሱ ነው። አንድ በአንድ አይደለም፣ መዳፋቸው ላይ የነበረውን ሁሉ ገለበጡት። ከዚያ ወደኔ ሳይዞሩ፣ ሜዳውን እያዩ፣

"ቤቱ ገብቶስ ምን ብሎ ይንገራቸው?" አሉ።

ይሄው ነው። አልተቆጡኝም። አስተማሪ እንደነበሩ ታውቃላችሁ፣ ቁጣቸውን አውቀዋለሁ፣ ቁጣ አልነበረም። ጥያቄ ነበር። የእውነት ጥያቄ። ሰውየው በር ከፍቶ ሲገባ፣ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ሚስቱ ቀና ብላ ስታየው ይታያቸዋል መሰለኝ። እኔ የሚታየኝ ሰሌዳው ላይ ያለው ውጤት ነበር።

ምንም አልመለስኩም። ጎናችን ያለው ሰውዬም ዝም አለ። አማርኛ አይሰማም እኮ፣ ግን ዝም አለ።

ሜትሮ ውስጥ ስንመለስ አንድ ነገር ጀመሩልኝ። ማስተማር በጀመሩ ዓመት፣ 60 ተማሪ ፊት፣ መቶ ጊዜ የሠሩት ሂሳብ ጠፋባቸው። ጠመኔ ይዘው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። መዞር ፈሩ። "እጄ ያውቀዋል፣ እኔ ግን አላውቀውም" አሉ። ከዚያ ምን ሆነ ስላቸው መውረጃችን ደረሰ። ባቡር መቀየር ነበረብን። ሕዝቡ ገፋን። በኋላም አላነሱት፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ልጆቹ ሳቁ? አንዱ "ውረድ" አለ? እስካሁን አላውቅም።

ሮዘንታል ቀጠለ። በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች አንድም ሰው አላስወጣም። አንድም! ቴሌቪዥን ላይ ኢአርኤው፣ ማለትም በዘጠኝ ኢኒንግ ሲሰላ የሚገባበት ነጥብ፣ ሲወጣ ቁጥር የለውም፣ የተጋደመች ስምንት፣ የኢንፊኒቲ ምልክት፣ ናት ያለችው። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ቀርበው አዩዋት። እኔ አፍሬ ላጠፋው ነበር። "ተይው፣ ተይው" አሉ። ከዚያ ወረቀት አመጡ። "የገባበትን ነጥብ በ9 ታበዣለሽ፣ በወረወረው ኢኒንግ ታካፍያለሽ። እሱ አንድም ሰው አላስወጣም፣ ስለዚህ የምታካፍዪው በዜሮ ነው። በዜሮ አይካፈልም ልጄ። ይሄ ማለት ልጁ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ገና መልስ የለውም ማለት ነው።"

ይሄን ነገር በየስፕሪንጉ አስታውሰዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሁሉንም ሰው ኢአርኤ እያየን እንጮሃለን አይደል? አንድ ሰው አስወጥቶ ሦስት ነጥብ የገባበት ወርዋሪ 81 ይጻፍበታል። 81! በትንሽ ስታካፍል ትልቅ ይወጣል፣ ያው ነው። ትክክል ናቸው። ግን ደግሞ ሽንፈቱ እውነተኛ ሽንፈት ነው። ኤፕሪል ላይ የጠፋ ጨዋታ ሴፕቴምበር ላይ አይመለስም። ስለዚህ ማበሳጨቱ ትክክል ነው፣ መጮሁ ግን... አላውቅም። መጮህ ራሱ ጨዋታው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ትኬት ገዝተን፣ አልቅሰን፣ ተስፋ አድርገን። ዝም በሉ ልላችሁ አይደለም የመጣሁት። እኔ ራሴ ትናንት ማታ ጮኬያለሁ።

"2019ን አስታውሺ" ትሉኛላችሁ። አስታውሳለሁ። ሜይ ላይ 19 ጨዋታ አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር፣ ኒው ዮርክ ላይ በሜትስ በተከታታይ ተደብድበን። የፒቺንግ አሠልጣኙን አባረሩ። ቡልፔኑ እስከመጨረሻው ድረስ አልዳነም፣ ግን ኦክቶበር 30 ሂዩስተን ላይ ዋንጫ አነሳን። አባባ እልል ብለዋል። በጣም ደስ ይላል፣ ሳወራው እንኳን አሁን... ግን ሮዘንታልን ጁን ላይ አሰናብተውታል። ያን ማታ እሱ እዚያ የለም። ወደ ቤትህ ሂድ አልኩት፣ ላኩት።

እና እሁድ ዕለት "ያ ልጅ ተሻለው?" ሲሉኝ፣ በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም መልሱን አውቀዋለሁ። "ተሻለው አባባ!" አልኳቸው። በ2020 ካንሳስ ሲቲ ሄደ፣ ከዚያ ሳን ዲዬጎ ወሰዱት። ሳን ዲዬጎ በመደበኛው ሲዝን 10 ኢኒንግ ወርውሮ አንድም ነጥብ አልገባበትም። ኢአርኤው ዜሮ።

"ዜሮ?" አሉ።

"ዜሮ።"

ፊታቸው ሲበራ ብታዩ። ከኢንፊኒቲ ወደ ዜሮ! ደጋግመው አሉት። ግራ እጃቸውን ቀኛቸው ላይ አድርገው፣ ቀኙን ይዘው፣ "ዓመት ከምናምን ብቻ" አሉ። ማክሰኞ ፊዚዮቴራፒ ስወስዳቸው ለምታሠራቸው ልጅ ነገሯት። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያሉ፣ ከነሂሳቡ። ልጅቷ በትዕግሥት ሰማቻቸው፣ ጣቶቻቸውን እየዘረጋች። ያን ቀን ከሌላው ጊዜ አምስት ጊዜ አስበልጠው ነው ጨብጠው የለቀቁት። ቆጥሬያለሁ።

ግን ጨርሼ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ኦክላንድ በ11 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው፣ አንድ ኳስ ሳይወረውርላቸው እንደገና ቀዶ ሕክምና ገባ። ትከሻው አካባቢ፣ ከዚያ ዳሌው። ሌሎች ቡድኖች ሞከሩት። ከ2020 በኋላ ትልቁ ሊግ ላይ አልወረወረም። ይሄን አውቃለሁ። እሁድም አውቅ ነበር። ዜሮው ላይ ቆምኩ።

ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ዜሮው እውነት ነው። ለካ ሰው እውነቱን መርጦ... ኧረ ተዉት። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያ ፊት ሲበራ እያያችሁ ቀሪውን ትናገሩ ነበር? ምናልባት ትናገሩ ይሆናል። እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ ነበር። መልሱን ግማሽ ጽፎ የሚያስረክብ ተማሪ እንዴት እንደሚያናድዳቸው።

ደግሞ ያኔ ስለጮህኩት ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ለእሳቸው ነበር መጠየቅ ያለብኝ? ለሱ ነው? ስድስት ዓመት ሙሉ ልጁን አልረሱትም። እኔ ዜሮውን ያወቅኩት እንኳን ዘንድሮ ቡድን የሌለው ማን ነው ብዬ የድሮ ወርዋሪ ስፈልግ ነው።

ማክሰኞ ከክሊኒኩ ስንወጣ፣ ቀበቶ እያሰርኩላቸው፣ "አሁን የት ነው የሚጫወተው?" አሉኝ። "እስቲ አያለሁ አባባ" አልኩና ሬዲዮውን ከፈትኩት። ጨዋታ ነበረ፣ እግዜር ይስጠው። እኛ እየመራን ነበር። አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ነው። አባባም ወደዚያው ሄዱልኝ።

ነገ ደግሞ ቀጠሮ አለን። መንገዱ 40 ደቂቃ ነው። ጠዋት ነው ቀጠሮው፣ ጠዋት ጨዋታ የለም። የሚጠይቁኝ ይመስለኛል። ምናልባት እኔ ስለዚያ ጥቁር ሰሌዳ ልጠይቃቸው፣ ከዚያ ምን ሆነ ልበላቸው። ወይም... አላውቅም። እስቲ መጀመሪያ መኪናው ውስጥ ልግባ።